ያለ ምስክር የተፈረደበት ጨጓራ

ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ ወዲህ እስከ ፍኖተ ሰላምና እስከ ቡሬ ድረስ ባለው የጎጃም አገር፣ ሰው ከደረቱ በታች ከእንብርቱ በላይ ያለውን ቦታ በእጁ ደግፎ ፊቱን ባጨፈገገ ጊዜ፣ ሐኪም ሳይጠራና ምርመራ ሳይደረግ፣ ከጎረቤት ጀምሮ እስከ ንስሐ አባት ያለው ሁሉ በአንድ ቃል የሚሰጠው ፍርድ «ጨጓራ ነው» የሚል ነው። ፍርዱም ተያይዞ የሚነገር ትምህርት አለው፤ በሽታው ከበርበሬ፣ ከሐሳብና ከጾም የሚወለድ ነው፤ አንድ ጊዜ የገባ እንደ ሆነ እስከ መቃብር አይለቅም፤ ስለዚህ ሕሙሙ ኦሜፕራዞል የሚባለውን እንክብል ዕድሜውን ሙሉ እየዋጠ ይኑር ይላል። እኔ ይህ አስተያየት ከመነሻው እስከ መድረሻው ስሕተት ነው እላለሁ፤ ይልቁንም የተማረውና ያልተማረው፣ የከተማውና የገጠሩ፣ አልፎ አልፎም ነጭ ጋውን የለበሰው ራሱ የተስማማበት ስለ ሆነ፣ ማንም የማይመረምረውና ሰውን በገንዘቡም በአካሉም የሚጎዳ ስሕተት ነው።

በቡሬ ከተማ በገበያ ቀን ከአንድ መድኃኒት ቤት መስኮት አጠገብ ጥቂት ቆሞ የተመለከተ ሰው ነገሩን በዐይኑ ያየዋል። ጋቢውን ያጣፋ ገበሬ ከኪሱ አንድ ባዶ የእንክብል ማሸጊያ ያወጣል፤ የጀርባው የብር ወረቀት ተቀዳዶ፣ አሥሩም ጎጆ ባዶ ሆኖ፣ ከላብና ከአቧራ የተነሣ ጽሑፉ በጭንቅ ይነበባል። «ልጄ፣ እንደዚህ ያለውን ስጠኝ» ይላል። ወጣቱ ሻጭም ወደ ብርሃን ገልብጦ ስሙን ካነበበ በኋላ «ስንት ስትሪፕ ይሁን አባቴ?» ብሎ ይጠይቃል እንጂ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሚወስደው፣ ማን እንዳዘዘለት፣ ከመብል በፊት ይሁን በኋላ እንደሚውጠው አይጠይቅም። ገበሬው ከፍሎ ይሄዳል። ያ የከፈለው ገንዘብ ጠዋት ያመጣውን በርበሬ ሸጦ ያገኘው ነው፤ ከዚያም ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ «በርበሬ አታብዢብኝ፣ ጨጓራዬን ይቀሰቅሰዋል» ይላል። እንግዲህ የቡሬና የጃቢ ጠህናን መሬት የሚያበቅለው፣ የብዙ ቤት ግብርና ልብስ የሚወጣበት በርበሬ፣ በአብቃዩ ቤት ወንጀለኛ ሆኖ ቆሟል ማለት ነው።

በርበሬ ላይ ማን መሰከረበት? እ.ኤ.አ. በ1988 በአሜሪካ አገር የታተመ አንድ ጥናት፣ ጤነኞች ሰዎች እጅግ የሚያቃጥል ምግብ ከበሉ በኋላ ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ፣ ማለት በኢንዶስኮፒ፣ የጨጓራቸውን ግድግዳ አስመርምሮ በዐይን የሚታይ ጉዳት አላገኘም። በርበሬ የቆሰለ ቦታን ሊያቃጥል፣ ቃር ያለበትንም ሰው ሊያስጨንቅ ይችላል፤ ይህን ማንም አይክድም፤ ነገር ግን ቁስልን የሚያቃጥል ነገርና ቁስልን የሚፈጥር ነገር ሁለት ናቸው። ጨው በተቆረጠ ጣት ላይ ቢደረግ ያንገበግባል፤ ጣቱን የቆረጠው ግን ቢላዋ ነው እንጂ ጨው አይደለም።

ስለ ጾምም እንዲሁ ነው። ጾም ስናበዛ የምንኖር ሕዝብ መሆናችን የታወቀ ነው፤ ረቡዕና ዓርብን፣ ዐቢይ ጾምን፣ ጾመ ነቢያትን፣ ጾመ ሐዋርያትን፣ ፍልሰታን ደምሮ የሚጾም ምእመን የዓመቱን እኩሌታ በጾም ያሳልፋል። ሆድ ባዶ በሆነ ጊዜ አስቀድሞ የቆሰለ ሆድ ሕመሙን ይገልጣል፤ ከዚህ የተነሣ ጿሚው «ጾሙ አመጣብኝ» ይላል። ጾሙ ግን ሕመሙን ገለጠው እንጂ አልወለደውም። ፍትሐ ነገሥቱ ለሕሙም ጾሙን ያላላል፤ ንስሐ አባቱም መድኃኒቱን በሰዓቱ እንዲውጥ ሊፈቅዱለት ይችላሉ። እኔን የሚያሳዝነኝ ግን ሊድን የሚችል ሕመም ስላልተመረመረ ብቻ፣ ምእመኑ በፈቃዱ ሳይሆን በተሳሳተ ፍርድ ከጾሙ ተለይቶ ዐሥርና ዐሥራ አምስት ዓመት መኖሩ ነው።

እውነተኛው ወንጀለኛ የተያዘበት ታሪክ ሊነገር የሚገባው ነው፤ ምክንያቱም በዚያ አገርም እንደ እኛው የጸና አስተያየት ነበር። እ.ኤ.አ. እስከ 1980ዎቹ ድረስ በአውሮፓና በአሜሪካ ያሉ ሊቃውንት የጨጓራ ቁስል ከሐሳብ ብዛትና ከአሲድ መብዛት የሚመጣ ነው፣ በአሲድ ውስጥም ነፍስ ያለው ተሕዋስ ሊኖር አይችልም ብለው ያስተምሩ ነበር። በ1976 ሲሜቲዲን የሚባለው አሲድ ቀናሽ መድኃኒት ለገበያ በወጣ ጊዜ ሕሙማን እፎይ አሉ፤ መድኃኒቱን ባቆሙ ጊዜ ግን ከእኩሌታ የሚበልጡት ቁስሉ በዓመቱ ውስጥ ተመለሰባቸው፤ ስለዚህ «የዕድሜ ልክ ነው» ተባለ። መድኃኒት ሻጭ ለሆነ ኩባንያ ከማይድንና ከማይገድል በሽታ የተሻለ ሀብት እንደሌለ አንባቢው ራሱ ያስበው። በአውስትራሊያ አገር በፐርዝ ከተማ በሮያል ፐርዝ ሆስፒታል የሚሠራው ሮቢን ዋረን ግን፣ ከ1979 ጀምሮ ከታመሙ ጨጓራዎች በተወሰደ ሥጋ ላይ በማጉያ መነጽር ጠመዝማዛ ባክቴሪያ ያይ ነበር። ባሪ ማርሻል የሚባል ወጣት ሐኪም ተባበረው፤ ሁለቱ ተሕዋሱን በላቦራቶሪ ለማሳደግ ደጋግመው ሞክረው አልሆነላቸውም፤ ሠራተኞቹ በሁለተኛው ቀን ምንም አልበቀለም እያሉ ሳሕኑን ይጥሉት ነበርና። በ1982 በፋሲካ በዓል ምክንያት ላቦራቶሪው ተዘግቶ ሳሕኑ ሳይጣል ብዙ ቀን ቆየ፤ ከበዓል ሲመለሱም ተሕዋሱ በቅሎ አገኙት። ጾምን የምንወቅስበት ሕመም ምስጢሩ በትንሣኤ በዓል መገለጡ የአጋጣሚ ነገር ቢሆንም፣ እኔ ሳስበው ሁልጊዜ ፈገግ ያሰኘኛል።

ቢሆንም ብዙዎች አላመኗቸውም። እንስሳትን ለመበከል ሞክረው ስላልተሳካላቸው፣ ማርሻል በ1984 በ32 ዓመቱ የተሕዋሱን ፈሳሽ ራሱ ጠጣው። ከጥቂት ቀን በኋላ ማቅለሽለሽና ማስመለስ ያዘው፤ በዐሥረኛው ቀን በኢንዶስኮፒ ሲታይም ቀድሞ ጤነኛ የነበረው ጨጓራው ተቆጥቶ ተሕዋሱ ሰፍሮበት ተገኘ። ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ ተብሎ የተሰየመው ይህ ባክቴሪያ፣ የአሜሪካ መንግሥት የጤና ሊቃውንት ጉባኤ በ1994 ባወጣው ውሳኔ ቁስለኛ ሁሉ ከተገኘበት በፀረ ባክቴሪያ እንዲታከም የታዘዘበት፣ በዚያው ዓመትም በዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል ሰውን ለጨጓራ ካንሰር ከሚያጋልጡ የተረጋገጡ ነገሮች ጋር የተመዘገበ ሆነ። ሁለቱም ሰዎች በ2005 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ነገሩ ይህን ያህል ተዘግቶ ሳለ፣ በእኛ አገር ዛሬም ፍርዱ በበርበሬ ላይ ነው።

በኢትዮጵያ በተደረጉ ብዙ ምርመራዎች ከተመረመረው ሰው እኩሌታው ያህል ይህ ተሕዋስ ይገኝበታል። የሚተላለፈውም አብዛኛውን ጊዜ በልጅነት፣ በቤተሰብ መካከል፣ ንጽሕና ከጎደለው እጅ፣ ምናልባትም ከውኃ ነው። ስለዚህ ከላህ ወንዝ ወይም ከፈጠም ዳር ሳይፈላ የሚቀዳው ውኃና ሳይታጠብ የሚጎርሰው እጅ ከበርበሬው ይልቅ ቢከሰሱ ለእውነት ይቀርባል። ተሕዋሱ ያለበት ሁሉ አይታመምም፤ ከአሥሩ አንዱ ወይም ሁለቱ ናቸው በዕድሜያቸው ቁስል የሚወጣባቸው። በሆዱ ላይ ሕመም ያለበት ሁሉም ቁስለኛ አይደለም፤ ተመርምሮ ምንም የማይገኝበት ሕሙምም ብዙ ነው፤ የዚህም ሰው ሕክምና ሌላ ነው። እኔ የምለው በሁሉም ላይ ባክቴሪያ እንፈልግ አይደለም፤ በማንም ላይ ሳይመረመር አይፈረድ ነው።

ከተገኘ ግን ሕክምናው መጨረሻ ያለው ነው። ኦሜፕራዞል፣ አሞክሲሲሊንና ክላሪትሮማይሲን በአንድነት፣ ጠዋትና ማታ፣ ብዙ ጊዜ ለ14 ቀን ይታዘዛሉ፤ አሞክሲሲሊን ለማይስማማው ሜትሮኒዳዞል ይተካል። ሕዝባችን በዚህ የሚሠራውን ስሕተት ያየሁት በብዙ ቤት ነው፤ በአምስተኛው ቀን ማቃጠሉ ሲቀር የቀረውን ክኒን ለሌላ ጊዜ ብሎ በሳጥን ያስቀምጣል፣ ወይም ለታመመ ጎረቤት በበጎ ፈቃድ ያካፍላል። ያልተጨረሰ ፀረ ባክቴሪያ ደካሞቹን ገድሎ የጠነከሩትን ተሕዋሳት ስለሚያተርፍ፣ ሁለተኛው ሕክምና ከመጀመሪያው የከበደ ይሆናል። አባቶቻችን ለኮሶ ትል የኮሶውን አበባ ፈጭተውና በጥብጠው በጠጡ ጊዜ በዚህ አይታለሉም ነበር፤ ጠላታቸውን በስሙ ያውቁታል፣ መድኃኒቱን በአንድ ቀን ይጨርሱታል፣ ከዚያም ትሉ መውጣቱን ወጥተው በዐይናቸው ያያሉ። መራራውን ኮሶ ዕድሜዬን ሙሉ በየጠዋቱ ልጠጣ ያለ ሰው አልተሰማም። ዛሬ ሳይመርር የሚዋጠው እንክብል ስላለን ብቻ፣ ጠላትን ማወቅም መውጣቱን ማየትም አስፈላጊ አይደለም ያልን እንመስላለን።

መውጣቱን ማየት ማለት እንደ ገና መመርመር ማለት ነው። ሕክምናው ካለቀ ከአራት ሳምንት በኋላ በሰገራ ምርመራ ተሕዋሱ መጥፋቱ ይረጋገጣል። ብዙ ቦታ የሚደረገው የደም ምርመራ ግን የሰውነትን የመከላከያ ምልክት ስለሚያሳይ፣ ተሕዋሱ ከጠፋ በኋላም ለብዙ ጊዜ «አለብህ» ማለቱን አይተውም፤ በዚህ ወረቀት ምክንያት ሁለት ሦስት ጊዜ ፀረ ባክቴሪያ የዋጠ ሰው ጥቂት አይደለም። በሌላ በኩል ኦሜፕራዞሉን እየዋጠ ሰገራውን የሚያስመረምር ሰው ተሕዋሱ ተዳክሞ ስለሚደበቅ «ነፃ ነህ» ሊባል ይችላል፤ ስለዚህ ከምርመራው በፊት ለሁለት ሳምንት እንክብሉን ማቆም ይገባል። ያ የቡሬ ገበሬ በየወሩ የሚገዛው መድኃኒት እንግዲህ ሕመሙን ከማስታገሡ ሌላ፣ ወንጀለኛውን ከፈራጅ ዐይን ይሰውርለታል ማለት ነው።

ወደ ክርክሩ ልብ ደርሰናል። ተቃዋሚዎቼ ሁሉ በአንድ አፍ የሚያቀርቡት ምስክር ይህ ነው፤ «መድኃኒቱን ሳቆም ሕመሙ ተመልሶ ይይዘኛል፤ እንግዲህ በሽታው የማይድን መሆኑ አይደለምን?» ይላሉ። ይህ ምስክርነት እውነተኛ ቢመስልም ሐሰተኛ ነው። ኦሜፕራዞል በጨጓራ ግድግዳ ላይ አሲድ የሚያመነጩትን ሕዋሳት ይዘጋል፤ በተዘጉም ጊዜ ሰውነት አሲዱ እንደ ጎደለ አውቆ የሚያዝዘውን ትእዛዝ ያበዛል፣ አመንጪዎቹንም ያሳድጋል። መድኃኒቱ በድንገት የቆመ እንደ ሆነ ያ የተጠራቀመ ትእዛዝ ሁሉ አንድ ጊዜ ይፈጸምና አሲዱ ከቀድሞው በላይ ይፈስሳል። በዴንማርክ አገር እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመ ጥናት፣ ምንም የሆድ ሕመም የሌለባቸው ጤነኞች ሰዎች ከዚሁ ወገን የሆነ መድኃኒት ለስምንት ሳምንት ተሰጥቷቸው ሲያቆሙ፣ ከመቶው ከ40 የሚበልጡት ቃርና ማቃጠል ያዛቸው። እነዚህ ሰዎች ታመው አልነበሩም፤ መድኃኒቱ ራሱ ሲወጣ አሳመማቸው። ሕሙማችን እንግዲህ «አቁሜ ተመለሰብኝ» የሚለው ሕመም ብዙ ጊዜ ከበሽታው ሳይሆን ከመድኃኒቱ የመጣ ነው፤ ለሁለትና ለሦስት ሳምንት ታግሦ፣ መጠኑን ቀስ በቀስ ቀንሶ፣ አንድ ቀን እየዘለለ ቢያቆም ይለቀዋል። ይህን የሚነግረው ስለሌለ ግን በሦስተኛው ቀን ወደ መድኃኒት ቤቱ መስኮት ይመለሳል።

አወሳሰዱም ቢሆን በአብዛኛው የተሳሳተ ነው። ይህ እንክብል ከመጀመሪያው ማዕድ ግማሽ ሰዓት ያህል አስቀድሞ የሚዋጥ ሲሆን፣ ሰዉ ግን እራቱን ከበላ በኋላ ማቃጠል ሲሰማው ይውጠዋል። መድኃኒቱ እንደ ማግኒዥየም ትራይሲሊኬት በአንድ ጊዜ የሚያበርድ አይደለም፤ ኀይሉ የሚሞላው ከጥቂት ቀን በኋላ ነው። በዓመታት ብዛት የሚያመጣውም ጉዳት አለ፤ በሰውነት ውስጥ የቢ12 ቫይታሚንና የማግኒዥየም መጠን መቀነስ፣ ለአንዳንድ የአንጀት ተሕዋሳት መጋለጥ ከእርሱ ጋር ይያያዛሉ። ለጤነኛ ወጣት ይህ ትንሽ ሊሆን ይችላል፤ ሥጋና እንቁላል በጾም ምክንያት ግማሽ ዓመት ለማይቀምስ ሰው ግን የቢ12 ነገር ሊታሰብበት ይገባል።

መድኃኒቱን ራሱን እየከሰስሁ እንዳይመስል እውነቱን ልናገር፤ ኦሜፕራዞል እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ ስንቱን ከመድማትና ከቢላዋ ያዳነ ታላቅ መድኃኒት ነው። ለልቡ አስፕሪን የሚወስድ ሽማግሌ፣ ጉሮሮው በአሲድ የቆሰለ ሰው፣ አንድ ጊዜ ሆዱ የደማ ሕሙም በሐኪም ትእዛዝ ለረጅም ጊዜ ሊወስደው ይገባል። እኔ የምቃወመው ለሁሉም፣ ለዘላለም፣ ያለ ምክንያት መሰጠቱን ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ እንኳ ደቀ መዝሙሩን ጢሞቴዎስን ስለ ሆዱ ወይን እንዲወስድ በመከረው ጊዜ ጥቂት ብሎ ወስኖለታል፤ ምክንያቱንም ነግሮታል።

ሌላው የሚረሳ ወንጀለኛ ደግሞ በዚያው መድኃኒት ቤት መደርደሪያ ላይ የተቀመጠው ዲክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን ነው። ለወገቡ፣ ለጉልበቱ፣ ለራስ ምታቱ ብሎ አርሶ አደሩ እርሻ ሲበዛበት በየቀኑ ይውጠዋል፤ እነዚህ መድኃኒቶች የጨጓራን የመከላከያ ሽፋን ስለሚያሳሱ ከባክቴሪያው ቀጥሎ ዋነኛ የቁስል ምክንያት ናቸው። ስለዚህ በአንድ እጅ የሚያቆስለውን፣ በሌላው እጅ የሚያስታግሠውን ገዝቶ የሚሄድ ሰው ታያለህ፤ ሻጩም ሁለቱን በአንድ ፌስታል ጠቅልሎ ይሰጠዋል። ሌላ ሰው ደግሞ አብሽና ተልባ እየጠጣ ዲክሎፌናኩን አይተውም። ተልባው አይጎዳውም፤ ክኒኑ ግን ይጎዳዋል።

ከሁሉ የከፋው ግን «ጨጓራ» የሚለው ስም ጨጓራ ያልሆነውን ሕመም ሁሉ መዋጡ ነው። ለምሳሌ ሐሞትን እንመልከት። በግ ሲታረድ ጉበቱን እንዳያመርረው ሐሞቱን በጣቱ ጫፍ ቀስ ብሎ የሚነጥለው ሰው፣ ያ ትንሽ አረንጓዴ ከረጢት በራሱም ሆድ ውስጥ በቀኝ ጎኑ ከጉበቱ ሥር ተንጠልጥሎ እንዳለ ሁልጊዜ አያስብም። በዚያ ከረጢት ውስጥ ጠጠር ሲሠራ፣ ይህም ብዙ በወለዱና ዕድሜያቸው ከአርባ ባለፈ ሴቶች ላይ ብዙ ጊዜ ይገኛል፣ ቅባት በበሉ ጊዜ ከረጢቱ ሲጨመቅ ጠጠሩ መውጫውን ይዘጋና ብርቱ ሕመም ይይዛቸዋል። ዐቢይ ጾምን ጾማ በትንሣኤ ሌሊት በቅቤ የተሠራውን ዶሮ ወጥ የቀመሰች እናት፣ ሳይነጋ በቀኝ ጎኗ ወደ ትከሻዋ አጥንት የሚወጣ፣ አንድና ሁለት ሰዓት ሳያቋርጥ የሚቆይ ሕመም ይዟት ስታስመልስ፣ ቤተሰቡ «ቅቤው ጨጓራዋን ቀሰቀሰው» ይላል፤ በማግሥቱም እንክብሉ ይገዛላታል። ሕመሙ በራሱ ጊዜ ስለሚተው እንክብሉ ፈወሳት ይባላል። የገና በዓል ሲመጣ ሕመሙ ይመለሳል። እንደዚህ ሦስትና አራት ዓመት የቆየች ሴት በመጨረሻ ዐይኗ ቢጫ ሆኖ፣ ትኩሳትና ብርድ ይዟት በሰው ትከሻ ሆስፒታል ስትደርስ የሚገኘው፣ በግማሽ ሰዓት የአልትራሳውንድ ምርመራ አስቀድሞ ሊታይ ይችል የነበረው ጠጠር ነው።

ስለ ሐሞት ጠጠር መድኃኒት ሲነገርም ሌላ ተስፋ ይሸጣል። ኡርሶዲኦክሲኮሊክ አሲድ የሚባል ክኒን ጥቃቅንና ከኮሌስትሮል የተሠሩ ጠጠሮችን በብዙ ወራት ሊያሟሟ ይችላል፤ ትልቁንና በካልሲየም የጠነከረውን ግን አይነካውም፤ የሟሟውም ከተቆመ በኋላ ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ሕመም የሚያመጣ የሐሞት ጠጠር መድኃኒቱ ከረጢቱን ማውጣት ነው፤ ካርል ላንገንቡኽ በበርሊን እ.ኤ.አ. በ1882 ይህን ከሠራ ጀምሮ የተረጋገጠ ነው፤ ዛሬም በጥቂት ቀዳዳ ያለ ትልቅ ስፌት ይደረጋል። ሰው ያለ ሐሞት ከረጢት መኖሩን ሰምቶ የሚደነግጥ ብዙ ነው፤ ሐሞቱ ግን በጉበት ውስጥ መመንጨቱንና ወደ አንጀት መፍሰሱን አያቆምም።

የቆሽት ነገር በአጭሩ ያልፋል፤ ይህ ግን አደጋው ስላነሰ አይደለም። የሐሞት ጠጠር ወርዶ የቆሽትን መውጫ ሲዘጋ፣ ወይም ሰው አረቄ በብዛትና በዘመናት ሲጠጣ፣ ቆሽት በገዛ ፈሳሹ ራሱን መፍጨት ይጀምራል። ይህ ሕመም ከእንብርት በላይ ይነሣና እንደ ቀስት ወደ ጀርባ ይወጋል፤ ሕሙሙ ወደ ፊት ጎንበስ ሲል ጥቂት ይቀልለዋል። ለዚህ ምንም የጨጓራ እንክብል አይረዳም፤ በሆስፒታል ተኝቶ በደም ሥር ፈሳሽ መውሰድና ምክንያቱን ማስወገድ ነው ሕክምናው። ቆሽቱ ሥር በሰደደ ሕመም ደክሞ ምግብ መፍጨት ያቃተው ሰው፣ ቅባት ያለው ሰገራ እያየ የሚከሳ፣ ከማዕድ ጋር የሚዋጥ የምግብ መፍጫ ኢንዛይም ይታዘዝለታል፤ ይህ መድኃኒት ከአሳማ ቆሽት የሚሠራ መሆኑን ግን ለክርስቲያኑም ለእስላሙም ሕሙም አስቀድሞ መንገር የሐኪሙ ግዴታ ነው ብዬ አምናለሁ፤ መወሰኑ የሕሙሙና የንስሐ አባቱ ወይም የሼኹ ነገር ነው።

ከተቃዋሚዎቼ ክርክር ክብደት ያለው አንድ ነው። «ኢንዶስኮፒ ለማግኘት ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ ደብረ ማርቆስ መሄድ ያስፈልጋል፤ ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ጦርነት ደግሞ መንገዱ ያሰጋል፤ ድኻው በሚያገኘው እንክብል ቢታገሥ ምን ታደርገዋለህ?» ይሉኛል። እውነት ነው፤ ባሕር ዳር ወዳለው ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል መድረስ ለሁሉም ቀላል አይደለም። ነገር ግን እኔ እያንዳንዱ ቃር ያለበት ሰው ኢንዶስኮፒ ይደረግለት አላልሁም። የሰገራ ምርመራ ይህን ሁሉ መንገድ አያስኬድም፤ አልትራሳውንድም በፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ይደረጋል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል የሆነ ገበሬ ከጤና ጣቢያው የመላኪያ ወረቀት ይዞ ቢሄድ ይታያል። የአንድ ዓመት እንክብል ዋጋ ተደምሮ ከአንድ የሰገራ ምርመራና ከሁለት ሳምንት ሕክምና ዋጋ ያንሳል የሚለኝ ሰው ካለም ሒሳቡን ይዞ ይምጣ። ምርመራ ባልተገኘበት ቦታ እንክብሉን ለአራት ወይም ለስምንት ሳምንት ሰጥቶ ማየት አግባብ ነው፤ ስምንተኛው ሳምንት ሲያልቅ ግን ጉዳዩ እንደ ገና ይታይ እንጂ እንክብሉ እየታደሰ አይቀጥል።

«ሐኪሙ ራሱ ነው ያዘዘልኝ» የሚልም አለ። ይህ የሚያሳፍረው ሐኪሙን ነው። ለጉንፋንም ለወገብም ክኒን ሲጽፍ «የጨጓራ መከላከያ» ብሎ ኦሜፕራዞል የሚጨምር፣ መቼ እንደሚቆም ግን የማይጽፍ ሐኪም ለሕመምተኛው ልማድን ያስተምረዋል። በማዘዣ ወረቀቱ ላይ የሚጀመርበትን ቀን የጻፈ ብዕር የሚቆምበትንም ቀን ቢጽፍ ምንም አይደክምም። የመድኃኒት ቤቱ ባለቤትም ቢሆን ፀረ ባክቴሪያ ያለ ማዘዣ መሸጥ እንዳልተፈቀደለት ያውቃል፤ አውቆ ሸጦ የሚያገኘው ትርፍ ነገ በራሱ ልጅ ላይ የማይሠራ አሞክሲሲሊን ሆኖ ይመጣል።

ጠበል መጠጣትን በተመለከተ ከማንም ጋር አልከራከርም። መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፉ ሐኪምን ስለ ማክበርና መድኃኒትን ከምድር ስላወጣው ፈጣሪ ይናገራል፤ ስለዚህ ጠበሉንና 14 ቀን የሚወሰደውን ክኒን አንድ ላይ የወሰደ ሰው ሃይማኖቱን አልጣሰም። የሚያጠፋ ያ ጠበል ገብቻለሁ ብሎ ክኒኑን በሰባተኛው ቀን ያቆመ ነው።

እንግዲህ አንባቢዬ፣ በቤትህ ውስጥ «የቆየ ጨጓራ» አለበት የሚባል ሰው ካለ፣ ዛሬ ማታ ሦስት ነገር ጠይቀው፤ ተመርምሮ ያውቃል ወይ፣ ለወገቡ ወይም ለጉልበቱ ሌላ ክኒን ይወስዳል ወይ፣ ሕመሙ መሃል ላይ ነው ወይስ በቀኝ ጎን። ሰገራው እንደ ሬንጅ የጠቆረ፣ ደም ያስመለሰ፣ ያለ ምክንያት የከሳ፣ ምግብ ሲውጥ የሚያንቀው፣ ዐይኑ ቢጫ የሆነ፣ ወይም ይህ ሕመም ሃምሳ ዓመት ካለፈው በኋላ አዲስ የጀመረው እንደ ሆነ፣ ወደ መድኃኒት ቤቱ መስኮት አትላከው፤ በነጋታው ወደ ሆስፒታል ውሰደው። እንክብሉ የጨጓራ ካንሰርን ሕመም ለጊዜው ሊያስታግሥ ይችላል፤ ካንሰሩን ግን አያቆመውም።